ራስን መቻል፣ በማን ወጪ?

ፒፕ ለንደን ከገባ በኋላ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ እኔን በጣም የሚያስቀኝ አሽከር መቅጠሩ ነው። ፒፕ ራሱ ሥራ የለውም፤ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ዕዳው በየሳምንቱ ይቆለላል። ግን ጨዋ ሰው አሽከር አለው፣ አለቀ። ስለዚህ ከልብስ አጣቢው ቤተሰብ አንድ ልጅ ያመጣና ሰማያዊ ኮት ያለብሰዋል፣ ቢጫ ሰደርያ ይደርብለታል፣ ቡት ጫማ ይገዛለታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ልጁ የሚሠራው ሥራ የለም፤ የሚበላው ግን ብዙ ነው። ፒፕ የሚያዘው ነገር ሲያጣ ሰዓት ስንት እንደሆነ አይቶ እንዲመጣ እስከ ሃይድ ፓርክ ድረስ ይልከዋል። "ተበቃዩ" የሚል ስም ያወጣለታል። ራሱን የቻለ ሰው ለመምሰል የቀጠረው አሽከር የእሱ ጌታ ሆኖ አረፈው።

ይህ የቻርልስ ዲከንስ "ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ" ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 ዲከንስ ራሱ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ልቦለድ። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ጨለማውን ነው፦ የመቃብሩን ቦታ፣ ያመለጠውን እስረኛ፣ የሠርግ ልብሷን ሳታወልቅ ያረጀችውን ሴት። ዲከንስ ግን ሲጀምረው ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር የጻፈለት፣ ከዚህ በፊት በወጣው ልቦለዱ ላይ ሳቅ ጠፋ ብለህ እንዳማረርከው በዚህኛው አታማርርም የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። እውነትም መጽሐፉ ያስቃል። የሚያስቀውም አንድ ወጣት ከቤት ወጥቶ፣ የራሱን ክፍል ይዞ፣ የራሱን ገንዘብ እያወጣ "አሁን ሰው ሆንኩ" ሲል ነው።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ሰው ራሱን ቻለ የሚባለው መቼ ነው? ከ160 ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ ነውና ጥያቄውን ለመመለስ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ብነግራችሁ አትቀየሙኝ።

ቁልፍ፣ ክፍል፣ ገንዘብ

በእኛ ዘመን ራስን የመቻል ምልክቶች ይታወቃሉ። የራስ ቁልፍ። የራስ ደሞዝ። "የት አመሸህ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ። እቤት ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ ፍራሽና አንድ ምድጃ ቢሆንም የራስ ነው።

ፒፕ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ አለው። በኬንት ረግረግ አጠገብ፣ እናት አባቱ ሞተውበት፣ በኃይለኛ እህቱና በባሏ በጆ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ጆ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ማንበብ በቅጡ አይችልም፤ ፒፕን ግን እንደ ልጁም እንደ ጓደኛውም ይወደዋል። ፒፕም ሲያድግ ቀጥቃጭ ሊሆን ሙያውን ይማር ነበር። አንድ ቀን ጃገርስ የሚባል የለንደን ጠበቃ መጥቶ፣ ስሙ የማይገለጽ ሰው ፒፕን ጨዋ ሊያደርገው ወጪውን እንደሚችል ይናገራል። ቅድመ ሁኔታው፦ ሰውየው ማን እንደሆነ እንዳትጠይቅ። የመጽሐፉ ርዕስም እዚህ ላይ ነው ትርጉም የሚያገኘው። "ኤክስፔክቴሽንስ" በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ተስፋ ብቻ ሳይሆን ወደፊት የሚመጣ ሀብትና ውርስ ማለትም ነበር። የፒፕ ነጻነት በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ነጻነት ነው።

አትጠይቅ የሚለው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ፒፕን አላስቸገረውም፤ እንዲያውም ተመቸው። መልሱን አውቀዋለሁ ብሎ ያስባላ! ያቺ የሠርግ ልብሷን ያላወለቀችው ሀብታም ሴት ሚስ ሃቪሻም ናት፤ የምታሳድጋትን ቆንጆዋን ኤስቴላን ልትድርለት ነው። ማንም እንዲህ አላለውም። ታሪኩ ስላማረው ብቻ አመነው።

ለንደን ላይ ከሄርበርት ጋር አብሮ መኖር ይጀምራል። ሄርበርት ደግ ልጅ ነው፤ ቢላዋ አፍ ውስጥ እንደማይከተት እንኳ ፒፕን የሚያርመው ሳያሳፍረው፣ በወሬ መሀል ጣል እያደረገ ነው። ሁለቱም ገንዘብ አያያዝ አያውቁም። ዕዳቸው ሲበዛ ስብሰባ ይጠራሉ። ለስብሰባው ክብር ሲባል ጥሩ ራትና አንድ ጠርሙስ መጠጥ ይታዘዛል፤ ብዙ ወረቀትና ብዕር ይቀርባል። ከዚያ ማን ስንት እንዳበደራቸው በሚያምር ጽሕፈት ይዘረዝራሉ። ፒፕ ዝርዝሩን ጽፎ ሲጨርስ ዕዳውን የከፈለ ያህል ይቀለዋል። ሌላም ዘዴ አለው፤ "መጠባበቂያ" እንበለው። የሄርበርት ዕዳ 164 ፓውንድ ከምናምን ከሆነ "200 ብለህ ጻፈው፤ የቀረው መጠባበቂያ ይሁንህ" ይለዋል። ታዲያ መጠባበቂያ ስላለ ተዝናንተው ወዲያው እስከ 200 ድረስ ይበደራሉ። አንዳንዴም አልፈውት ይሄዳሉ።

ይህን የጻፈው ሰው ዕዳን በቀልድ ያወቀው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 አባቱ በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ እስር ቤት ሲገባ፣ ቻርልስ የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ብልቃጥ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ያንን ዘመን ከሰው ደብቆት ኖሯል። ስለዚህ የፒፕ የዕዳ ስብሰባ ሲያስቀን፣ ዕዳ ቤት ሲያፈርስ በዓይኑ ያየ ሰው ነው የሚያስቀን።

ሳቁ የማን እንደሆነም ልብ በሉ። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ፒፕ ነው፤ ግን አድጎ። ወጣቱ ፒፕ በራሱ አይስቅም፤ ጊዜም የለውም፤ ሰው እንዴት እንዳየው በማሰብ ተጠምዷል። የሚስቀው ትልቁ ፒፕ ነው። አንድ ሰው ራሱን እንደቻለ ከሚያሳዩ ምልክቶች መሀል ይሄንን ከቁልፉም ከደሞዙም በፊት አስቀምጠዋለሁ፦ የድሮ ራሱን ሳይደብቅና ሳይራገም አይቶ መሳቅ መቻሉን።

የጆ ባርኔጣ

ሳቁ አንድ ቦታ ላይ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጆ ፒፕን ለመጠየቅ ለንደን ይመጣል። የክት ልብሱን ለብሷል፤ ባርኔጣውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶታል። የምድጃው ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይወድቃል፣ ዘሎ ይይዘዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ እንደገና ይወድቃል። ፒፕን አንዴ በስሙ ይጠራዋል፣ አንዴ "ጌታዬ" ይለዋል። ፒፕ ደግሞ ያፍራል፣ ይበሳጫል። ጆ እንደሚመጣ ሲሰማ፣ ገንዘብ ከፍዬ ማስቀረት ብችል ኖሮ እከፍል ነበር ብሎ እንዳሰበ ራሱ ይነግረናል። ጆ የገባው ነገር ግን ከፒፕ ይበልጣል። ሲሰናበት፣ ከቀጥቃጭ ቤቴ ስወጣ ያለ ቦታዬ ነኝ፤ ልታየኝ ስትፈልግ እዚያው መዶሻዬን እንደያዝኩ በመስኮት ብቅ ብለህ እየኝ ይለዋል፤ አልተቀየመውም። "ቀጥቃጭ" የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ ሲነገር በኖረበት አገር ላደግን ለእኛ የፒፕን ሐፍረት ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ "ፒፕ ውለታ ቢስ ነው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ግን አይደለም። ፒፕ አመስጋኝ ልጅ ነው፤ ሚስ ሃቪሻም ፊት ተንበርክኮ እጇን ስሟል። ይህን ሀብት ያልሰጠችውን ሴት ያመሰግናል፤ ሁሉን የሰጠውን ቀጥቃጭ ይሸሻል። ምስጋናው ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ከትልቅ ሰው ተቀበልኩ ማለት ራስን ትልቅ ያደርጋል፤ ከቀጥቃጭ ተቀበልኩ ማለት ግን ያሳንሳል መሰለው። እኛም ብንሆን "እገሌ የሚባል ትልቅ ሰው ነው ያስገባኝ" ብለን በኩራት እናወራለን። ጉሊት ቸርችራ ፊስ የከፈለችውን አክስት ግን የምረቃ ፎቶው ላይ ከዳር እናቆማታለን።

ይህን ሐፍረት ፍልስፍናም አስውቦታል። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ "ታላቅ ነፍስ" ያለውን ሰው ሲገልጽ፣ ይህ ሰው ለሌላ መዋል ይወዳል፣ ከሌላ መቀበል ግን ያሳፍረዋል ይላል። ያደረገውን ውለታ ያስታውሳል፤ የተደረገለትን አያስታውስም። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ አላስዴር ማኪንታየር የተባለ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ተችቷል። ሰው ሕፃን ሆኖ ይጀምራል፣ ይታመማል፣ ያረጃል፤ ሰዎች ባይሸከሙት ኖሮ ማሰብ የሚችል ሰው ራሱ አይኖርም ነበርና ጥገኝነትን አምኖ መቀበል ራሱ አንድ መልካም ጠባይ ነው ይላል። በአሪስቶትል ሚዛን ፒፕ ወደ ታላቅነት እየሄደ ነበር። በማኪንታየር ሚዛን ደግሞ ከቀጥቃጭ ቤት ሲወጣ የነበረችውን ትንሽ ነጻነትም እየጣላት ነበር።

የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ከባዶ አይጽፍም፤ ሌሎች ጽፈው በነጻ በለቀቁት ኮድ ላይ ይገነባል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አንድ ሰው "ሌፍት-ፓድ" የምትባል የ11 መስመር ኮድ ከሕዝብ ማከማቻው ላይ አነሳ። ሥራዋ ከጽሑፍ በስተግራ ክፍት ቦታ መሙላት ብቻ ነበር። በዚያች ቀን በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው፤ የትልልቅ ኩባንያዎችም ጭምር። ብዙዎቹ በዚያች ኮድ ላይ እንደቆሙ ያወቁት እሷ ስትጠፋ ነው። ፒፕም የቆመው በምን ላይ እንደሆነ የሚያውቅበት ሌሊት አለው።

ሁለት የአንድ ፓውንድ ኖቶች

23 ዓመት ከሞላው ከሳምንት በኋላ፣ ዝናብና ነፋስ በበረታበት ሌሊት፣ አንድ ፀሐይ ያጠቆረው ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣል። ፒፕ ልጅ ሳለ ረግረጉ ላይ ከእህቱ ጓዳ ምግብ፣ ከጆ ዕቃ ሞረድ ሰርቆ ያመጣለት እስረኛ ነው፤ ማግዊች። ከዓመታት በፊት ይህ ሰው በሰው እጅ ሁለት የአንድ ፓውንድ ኖቶች ልኮለት ነበር። ፒፕ አሁን ሀብታም ነውና፣ ሰውየውን ቶሎ ለመሸኘት፣ ሁለት ንጹሕና አዲስ ኖቶች አውጥቶ ይሰጠዋል። ዕዳ እንዝጋ ነው ነገሩ። ማግዊች ኖቶቹን ያጣጥፍና፣ ይጠመዝዝና፣ በመብራቱ ያቃጥላቸዋል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ በጥያቄ፣ እውነቱን ያወጣዋል። ክፍሉን፣ ልብሱን፣ ራቱን፣ አሽከሩን ሁሉ የከፈለው እሱ ነው። አውስትራሊያ ድረስ ተግዞ፣ በግ እየጠበቀ፣ ያገኘውን ለፒፕ ሲልክ ኖሯል። በሕይወት እንዳይመለስ የተፈረደበት ሰው "የሠራሁትን ጨዋ" በዓይኔ ልየው ብሎ አንገቱን ለገመድ ሰጥቶ መጥቷል።

ፒፕ ደነገጠ፤ ተጸየፈውም። እኛም ብንሆን ቶሎ አንፍረድበት፤ ማግዊች የሰጠው ስጦታ ውስጥ መርዝ አለበት። ይኮራበታል፤ የኔ ጨዋ፣ እኔ የገዛሁት እያለ እንደ ፈረስ ያየዋል። ሮማዊው ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፈው ረጅም መጽሐፍ ውስጥ ለሰጪና ለተቀባይ የተለያየ ሕግ አውጥቶላቸዋል፦ የሰጠው ወዲያው መርሳት አለበት፣ የተቀበለው ደግሞ መቼም መርሳት የለበትም። ማግዊች የሰጪውን ሕግ አፈረሰ። ፒፕ በጆ ላይ የተቀባዩን ሕግ አፈረሰ። ያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ሕግ አፍራሾች ናቸው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከኩዌት በሚላክ ገንዘብ የተማረ ወንድም በየሰፈሩ አለ። ላኪዋ የሰው ቤት ወለል እየወለወለች፣ በራሷ ስም አንድ ክፍል ሳትይዝ፣ እሱን አስተማረችው። ራሷን ሳትችል እሱን አስቻለችው። ገንዘቡ ባንክ ሲደርስ ላብ ላብ አይሸትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ሳያውቀው ገንዘቡን የራሱ ማድረግ ይጀምራል። እሷም አንዳንዴ ማግዊችን ትሆናለች፦ "ያስተማርኩህ እኔ ነኝ" ብላ የሚማረውን ትመርጥለታለች፣ የሚያገባትን ትመርጥለታለች። እሱ ረሳ፤ እሷ አልረሳችም። ሁለቱም ይጎዳሉ። ግን አንድ ልዩነት ሳልናገር አላልፍም። ላኪዋ "የኔ" የምትለው ሌላ ነገር ስለሌላት ነው እሱን "የኔ" የምትለው። ማግዊችም ዕድሜውን ሙሉ እንደ ውሻ የተባረረ ሰው ነው። የሰጪን ባለቤትነት መቃወም መብት ነው። የሰጪን ድካም አለማየት ግን በዚያ መብት ስር አይሸፈንም።

ታዲያ ውለታ ያስራል ወይ? ተቀባይ ሰጪ ያለውን ሁሉ መፈጸም አለበት? ፒፕ ያገኘው መልስ ደስ ይለኛል። ከማግዊች ገንዘብ ከእንግዲህ አልወስድም ይላል። ማግዊችን ግን አይጥለውም። ይደብቀዋል፣ ሊያስመልጠው ይሞክራል፤ ሲያዝም ፍርድ ቤት አጠገቡ ሆኖ እጁን ይይዛል፣ እስኪሞትም ድረስ እየሄደ ይጠይቀዋል። መጀመሪያ የተጸየፈውን እጅ ነው የያዘው። የማግዊችን ሕልም አልኖረለትም፤ ማግዊችን ግን ሰው አድርጎ አየው። ለውለታ የምንሰጠው መልስ መታዘዝ መሆን እንደሌለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዕዳና ውለታ

ፒፕ በደህናው ዘመን እንኳ አንድ ጥሩ ነገር ሠርቷል። 21 ዓመት ሲሞላው ከተሰጠው 500 ፓውንድ ግማሹን አውጥቶ፣ ሄርበርት ሳያውቅ፣ በአንድ ንግድ ቤት ውስጥ ቦታ ገዛለት። የቀረውን ክፍያ በኋላ ሚስ ሃቪሻም ሸፈነችው። ሄርበርት በራሱ ጥረት ያገኘው መስሎት ደስ ብሎት ሠራ። ማግዊች ለፒፕ ያደረገውን ፒፕ ለሄርበርት አደረገ፤ ልዩነቱ ፒፕ ዝም ማለቱ ነው። ሴኔካ ያዘዘውን ሳያነበው ፈጸመው።

መጨረሻ ላይ የማግዊች ሀብት ለመንግሥት ይወረሳል። ፒፕ ባዶውን ይቀራል፣ ይታመማል፣ ዕዳ ጠያቂዎች ሊያስሩት ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ እንጀራ የሚያገኘው የት መሰላችሁ? ለሄርበርት በስውር የገዛው ያ ንግድ ቤት ካይሮ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ ሄርበርት "ና፣ ጸሐፊ ሁን" ይለዋል። ፒፕ ሄዶ ለዓመታት ይሠራል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ ቆይቶም ሸሪክ ይሆናል። ሄርበርት ለንግድ የሚሆን ሰው አይደለም ብሎ ያስብ እንደነበር ያስታውስና፣ ለካ ለንግድ የማይሆነው እኔ ነበርኩ ብሎ በራሱ ይስቃል። በመጽሐፉ ውስጥ ፒፕ በእውነት ራሱን የሚችለው እዚህ ነው። እዚህም ግን ብቻውን አልቆመም፤ የቆመው በጓደኛው ላይ ነው፣ ጓደኛውም በእሱ ላይ። ልዩነቱ አሁን ያውቀዋል።

አማርኛችን "መቻል" በሚለው ቃል ውስጥ ይህን ሁሉ አጭቆታል። "እችላለሁ" ማለት አቅም አለኝ ነው። "ወጪውን እኔ እችላለሁ" ማለት እኔ እከፍላለሁ ነው። "ጠባዩን ችዬው ኖርኩ" ሲባል ደግሞ ታገሥኩ፣ ተሸከምኩ ማለት ነው። ራስን መቻል ሲባል ግን የምናስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ይረሳል። ራስን መሸከም ማለት የመጣህበትን፣ ያሳደጉህን፣ የበላኸውን፣ የረሳኸውንም ጭምር ይዘህ መቆም ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ደሞዙ ቢበዛም አሽከሩን ሰዓት እንዲያይ ይልካል እንጂ ራሱን አልቻለም።

ፒፕን ከእስር ያዳነው ጆ ነው። መጥቶ አስታመመው፣ ዕዳውን ከፈለ፤ ሲሻለው ሹልክ ብሎ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀረው አጭር ደብዳቤና የክፍያውን ደረሰኝ ነው። ይህ ያው ሰው፣ ድሮ ጠበቃው ሙያ ተማሪህን ስለወሰድንብህ ካሳ እንክፈልህ ሲለው፣ ልጁን በገንዘብ የምትተምኑት መሰላችሁ ብሎ የተቆጣው ነው። ፒፕ ወደ ካይሮ ከመሄዱ በፊት ጆን ፊት ለፊት አግኝቶ፣ ገንዘቡን ሠርቼ እልክልሃለሁ፤ ሺህ ጊዜ እጥፍ ብመልስልህም ግን ካደረግህልኝ ላይ አንዲት ሳንቲም የቀነስኩ እንዳይመስልህ ይለዋል።

ዕዳ ተከፍሎ ያልቃል። ውለታ ቢመለስም አያልቅም፤ እንዲያልቅም አልተሠራም። ፒፕ ሁለቱን መለየት የተማረው 11 ዓመት ካይሮ ላይ ለመሥራት ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ነው። ያኔ አሽከር አልነበረውም።